ያልተፈረመው የውሻ ፎርም

ታናሽ እህቴን ሰፈሩ «የውሾች ባርበር» ይላታል። አልዋሽም፣ መጀመሪያ ላይ እኔም ስቄባታለሁ። ነጭ ሚኒባሷን ከነውሃ በርሜሏ፣ ከነቶንዶሷ እየነዳች ቤት ለቤት ውሻ ስታጥብ፣ ፀጉር ስትቆርጥ ትውላለች። ማታ ሹራቧ ላይ የሚለቀመው ፀጉር ሌላ ውሻ ይወጣዋል።

ሥራውን በቀልድ የያዘችው እንዳይመስላችሁ። ገና ሁለተኛ ቶንዶስ ሳትገዛ ነው ኢንሹራንስ የገባችው፤ አንዱ ለመኪናዋ፣ ሌላው እጇ ላይ ላለ እንስሳ። ይኼኛው ግን ግዴታ አለው። ቶንዶሱን ከማስነሳቷ በፊት ውሻውን ከጆሮ እስከ ጅራቱ ትዳብሳለች፣ ቁስልና እብጠት ካለ ፎርም ላይ ትጽፋለች፣ ባለቤቱ ይፈርማል። ፎርም ከሌለ ካሳ የለም። እሷ ደግሞ በዚህ ነገር ድርቅ ነው የምትለው። ለእናታችን ድመት እንኳ እናታችንን አስፈርማለች፤ እናቴ «የወለድኳትን በፊርማ ላምናት ነው?» ብላ ሳምንት ሙሉ አኮረፈች።

ታዲያ ይቺ ደረቅ ልጅ፣ ቲቸር ቤት ስትደርስ ምን ነካት? ቲቸር ሁለታችንንም ፊደል ያስቆጠሩን ናቸው። ያን ጊዜ ጽሕፈታቸው ሰሌዳው ላይ የታተመ ይመስል ነበር። አሁን ጡረታ ወጥተው ከአንድ ያረጀ ፀጉራም ውሻ ጋር ይኖራሉ፤ እጃቸውም ይንቀጠቀጣል። ያን ቀን በሩን ሲከፍቱላት ቁልፉ ሁለቴ ወደቀባቸው። እህቴ ፎርሙን ከቦርሳዋ ግማሽ ድረስ አውጥታ መለሰችው። በዚህ እጅ እንዴት ፈርሙ እላቸዋለሁ ብላ ይሉኝታ ያዛት። ከፎርሙ ጋር መዳበሱንም ዘለለችው።

ከጆሮው ሥር፣ በተቆላለፈው ፀጉር ውስጥ፣ እብጠት ነበር። ቶንዶሱ ቆረጠው። ውሻውን በፎጣ ጠቅልላ ሐኪም ጋ አደረሰችው፤ ነፍሱ ተረፈች፣ ጆሮው ግን ግማሹ ሄደ። የሕክምናው ወጪ ሚኒባሷን የሚያሸጥ ሆነ።

የኢንሹራንሱ ሰውዬ ፎርሙን እስከ ነገ አምጪ አላት። መጥፎውን ምክር የሰጠኋት እኔ ነኝ፦ አሁን ሙዪው፣ ፊርማውን እኔ እሞነጫጭረዋለሁ፣ ማን ያውቃል አልኳት።

«በቲቸር ስም?» አለችኝ። አፈርኩ።

በማግስቱ ጠዋት አብረን ቲቸር ቤት ሄድን። ውሻው ጆሮው በፋሻ ታስሮ እግራቸው ሥር ተኝቷል።

«ቲቸር፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች እህቴ። «እጅዎ ሲንቀጠቀጥ አይቼ ማስፈረም አፈርኩ። ሳልዳብሰው ቆረጥኩት።»

ቲቸር ፎርሙን ስጪኝ አሏት። እህቴ ለኢንሹራንሱ ሊፈርሙላት መስሏት እጇን ሰበሰበች።

«የዛሬን ቀን ጻፊበት» አሉ። «ደግሞ በደንብ ዳብሺው። የቀረው ፀጉሩ እንዲሁ ሊቀር ነው?»

ስማቸውን ለመጻፍ ብዙ ታገሉ። ወረቀቱን ልይዝላቸው እጄን ስዘረጋ በዓይናቸው መለሱኝ። ፊርማው ከመስመሩ ወጥቶ ወደ ታች ወረደ፤ እህቴ እያየች አለቀሰች።

ኢንሹራንሱ አልከፈለም፣ ሚኒባሱም ተሸጠ። እህቴ አሁን ዕቃዋን በቦርሳ አንግታ በእግሯ ትዞራለች፤ ውሃውንም ከደንበኞቿ ቤት ትቀዳለች። ቲቸር የውሻቸው ተራ ሲደርስ እስክሪብቶ ይዘው በር ላይ ይጠብቋታል።