ቁልቁለት የለመደች ፒክአፕ

እናቱ ያወጣችለትን ስም ሰፈሩ ውስጥ የሚያስታውስ የለም። ትልቁም ትንሹም «ቁልቁለት» ነው የሚለው፤ ስሙም የመጣው ከፒክአፑ ነው። በደጉ ጊዜ ነጭ ነበረች አሉ፤ አሁን ቀለሟ ይሄ ነው ብሎ አፉን ሞልቶ የሚናገር አይገኝም። ቁልፍ ሲዞርላት «ጠቅ» ትልና ዝም። ስለዚህ ሰውየው የሚያቆማት ቁልቁለት ላይ ብቻ ነው፤ አፍንጫዋን ወደ ታች አድርጎ፣ ከፊት ጎማዋ ሥር ድንጋይ አስገብቶ። መሄድ ሲፈልግ ድንጋዩን ያወጣል፣ ፍሬኑን ይለቃል፣ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን ድንገት ሲለቀው እየተንገጫገጨች ትነሳለች።

እንዲህ እያለ ስንት ዓመት ኖረ! ቤት ሲከራይ ውሃ አለው ወይ፣ ጣሪያው ያፈሳል ወይ ብሎ አልጠየቀም፤ ደጁ ማዘቅዘቁን ብቻ አየና «ይሄ ነው ቤት» አለ። አሸዋ ወይ የቤት ዕቃ ሊያስጭኑት ሲደውሉለትም መጀመሪያ የሚጠይቀው «ቦታው ያዘቀዝቃል?» ብሎ ነው። ታዲያ ቸግሮት እንዳይመስላችሁ። የባትሪ ገመድና ተርሚናል ማስቀየር ሞተር እንደማውረድ አይደለም፤ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ሰውየው ግን ዘዴ አዋቂ ነኝ ባይ ነበር። ሌላው ሾፌር መካኒክ ሲለምን እሱ እያፏጨ ይንደረደራል። ሚስቱ «አስጠግናት፣ አንድ ቀን ጉድ ትሠራሃለች» ስትለው «ምን ነካሽ፣ ቁልቁለት አለቀ ተባለ እንዴ?» ይላታል። እሷም ትስቅ ነበር። እኔን የሚያንገበግበኝ መሳቋ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ሚስቱ ልብስ ስታሰጣ ደረቷን ይዛ ቁጭ አለች። ሰውየው ከአንዲት ልጃቸው ጋር ደግፎ ጋቢና አስገባትና ወደ ጤና ጣቢያው በረረ። ከስንት ዓመት አንድ ቀን፣ ያን ቀን ብቻ፣ ቁልቁለት ትዝ አላለውም። በሩ አፍ ድረስ ላድርሳት ብሎ ጠጠር የፈሰሰበት ሜዳ ግቢ ውስጥ ገባ፤ እጁም እንደለመደው ሞተሩን አጠፋ። ነርሷ አየቻትና «እዚህ አይሆንም፤ አሁኑኑ ሆስፒታል አድርሷት» አለች። መልሰው አስገቧት። ልጅቷ የእናቷን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ሰውየው ቁልፉን አዞረ። ጠቅ። ደግሞ አዞረ። ጠቅ።

ዘበኛው ገፋ፣ በሽተኛ ሊጠይቅ የመጣ ሁሉ ገፋ፤ ጎማው ጠጠሩ ውስጥ ገባ እንጂ መኪናዋ ንቅንቅ አላለችም። ሌላ መኪና ተለምኖ እስኪመጣ ሚስቱ እዚያው፣ ልጇ ጭን ላይ አረፈች። ብትደርስም ላትተርፍ ትችል ነበር ያሉ አሉ። ማን ያውቃል? ልጅቷ ግን የምታውቀው ያቺን ጠቅታ ነው።

አልተጣላችውም። ቢጣሉ ይሻል ነበር። ስታገኘው «ደህና ነህ አባዬ» ትለዋለች፣ ሸሚዙን ተቀብላ ታጥብለታለች፤ መኪናው ላይ ግን ከዚያ ወዲህ እግሯን አላነሳችም። አሁን የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ መውለጃዋ ደርሷል። ባሏ ሩቅ አገር መንገድ ሥራ ላይ ነው። ሰውየው ለሆስፒታል ቀጠሮዋ ራሱ ሊወስዳት፣ ምጧም ሲመጣ እሱ ሊጠራ ፈለገ። ፊት ለፊት መጠየቅ ግን ፈራ። የሚስቱን እህት ላከ። አክስትየዋ መልሱን ይዛ መጣች፦ «‹ያሠራት። አይቼ ካመንኳት እወጣለሁ› ብላሃለች። ሌላ ቃል የለም፤ እኔም አልጨመርኩበት።»

በማግስቱ ፒክአፗን ወደ መኪና ኤሌክትሪሺያን ወሰዳት። ኤሌክትሪሺያኑ የድሮ ጓደኛው ነው፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ስድብና ሳቅ አይለያቸውም። ያን ቀን ግን በቀጥታ ኮፈኑን ከፈቱ። ገመዶቹ ባትሪው ላይ የሚታሰሩባቸውን ተርሚናሎች ነጭና አረንጓዴ ዝገት እንደ ዱቄት ወሯቸዋል። ኤሌክትሪሺያኑ የኔጌቲቩን ገመድ አስቀድሞ ፈታ፣ ቀጥሎ የፖዘቲቩን፤ ባትሪውን አውጥቶ አናቱን ሙቅ ውሃ እያፈሰሰበት በብሩሽ ፈተገው። ከዚያ አሮጌውን ወፍራም ገመድ በፒንሳ ቆረጠና ለሰውየው አፍንጫው ሥር አመጣለት።

«እየው። ከላይ የለበሰው ጎማ ደህና ነው፤ ውስጡን ተመልከት።»

መዳቡ ጠቁሮ፣ ሲነኩት እንደ አመድ ይረግፋል።

«ይቺ ናት?» አለ ሰውየው።

«ይቺና ተርሚናሎቹ። ሌላ ምንም የላትም።»

«የሚያስነሳት ሞተሪኖው ሊሆን ይችላል ብዬ እኮ...»

«ሞተሪኖው ደህና ነው። ድሮም ደህና ነበር። ነግሬህ ነበር እኮ፣ አንተ ሰው።» ኤሌክትሪሺያኑ ይህን ካለ በኋላ ጸጸተውና አንገቱን ደፍቶ ሥራውን ቀጠለ። ገመዱ ከቻሲሱ ጋር የሚታሰርበትን ቦታ ጭቃውንና ቀለሙን ፍቆ ብረቱ እስኪያብረቀርቅ በብርጭቆ ወረቀት አሸው። አዲሶቹን ገመዶች ለካ፣ ቆረጠ፣ ተርሚናሎቹን ጨምቆ አሰረባቸው፤ ፖዘቲቩን አስቀድሞ፣ ኔጌቲቩን በመጨረሻ አጠበቀና ግሪስ ቀባቸው። «አስነሳት» አለ።

ጋራዡ ወለሉ ሜዳ ነው። ሰውየው ቁልፉን ዳሰስ አደረገው እንጂ ያዞረው አልመሰለውም፤ ተነሳች። ሳትንገጫገጭ፣ ሳትለመን። መሪውን ይዞ እንደተቀመጠ አለቀሰ። ደስታ ነው አትበሉኝ። ይህችን በምታህል ነገር ነው ሚስቱን የቀበራት።

የቀጠሮው ጠዋት ፒክአፗን አጠባት፣ ጋቢናው ላይ የሚስቱን ትራስ አደላደለ። ልጁ ቤት ደርሶ አቆመና በሩን አንኳኳ። ልጅቷ አክስቷን ተደግፋ፣ ሆዷን በአንድ እጇ ይዛ ወጣች። የእናቷን ነጠላ ጫማ አድርጋለች። ከስንት ጊዜ በኋላ ፈገግ አለችለት።

«የታለች?» አለች።

ደጇ ሰፊ ነው፤ ሜዳ ነው። መኪናዋ እዚያ የለችም። ልጅቷ አንገቷን አዞረች። ፒክአፗ ከደጇ አልፋ፣ ከተዘጋው ወፍጮ ቤት ወዲያ፣ አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለቱ አድርጋ ቆማለች። ከፊት ጎማዋ ሥር ድንጋይ አለ።

ሰውየው ራሱ ደነገጠ። ድንጋዩን መቼ እንዳስገባው ቢያስብ ቢያስብ አይመጣለትም።

«ልምድ ነው ልጄ! እጄ ነው! ተሠርታለች፣ ቆይ ስሚ» ብሎ ሮጠ። ቁልፉን አዞረ፤ ወዲያው ተነሳች። «ሰማሽ? ሰማሽ አይደል?»

«ሰማሁ፣ አባዬ።» ፈገግታዋ ጠፍቷል። ድምጿ ቁጣ የለበትም። «እኔማ ልወጣ ነበር የመጣሁት። አንተ ራስህ ግን አላመንካትም።»

«ልጄ፣ በናትሽ...»

ይህን ማለት አልነበረበትም። ልጅቷ ዓይኗን ጨፈነች። አክስትየዋ እጇን አንስታ ታክሲ አስቆመች፤ ከኋላ አስገባቻትና አጠገቧ ተቀመጠች። ታክሲው ሄደ።

ሰውየው ድንጋዩን አወጣና ወደ መንገዱ ዳር ወረወረው። ፒክአፗን ወደ ኋላ ነድቶ ልጁ ደጅ፣ ሜዳው ላይ አቆማት። አጠፋት። አስነሳት። አጠፋት። አስነሳት። ጎረቤት ወጥቶ እስኪያየው ድረስ እንዲሁ አደረገ፤ አንድም ጊዜ እምቢ አላለችውም።