በትራንስፖርት ዘርፍ የተሰማራችው ልጃችን

ባሌን ሰፈሩ ሁሉ «ሰብሳቢው» ይለዋል። እሱ የማዕረግ ስም ይመስለዋል፤ ይምሰለው። ዕድሜ ልኩን የአንድ መሥሪያ ቤት ክፍል ኃላፊ ነበር። ምን ይሠራል ብትሉኝ ይሰበስባል። ሰው ሳይሰበስብ የዋለ ቀን እራት አይበላለትም ነበር።

ይሄ አመል ቤት ድረስ ተከትሎት ገባላችሁ። በየዓመቱ መጨረሻ እኔን፣ ሁለቱን ልጆቻችንንና እምቢ ማለት ያቃተውን ዘመድ ሁሉ ሳሎን ደርድሮ የቤተሰቡን ዓመታዊ ሪፖርት ያቀርባል። ክራባቱን አስሮ፣ ከሶፋው ፊት ለፊት ቆሞ፣ ጉሮሮውን ጠራርጎ «ምልዓተ ጉባኤው ስለተሟላ» ብሎ ይጀምራል። ጠንካራ ጎን አለ፣ ደካማ ጎን አለ፣ የቀጣይ አቅጣጫ አለ። ሲጨርስ ይጨበጨብለታል። እኔ የምሠራበት የልብስ ንጽሕና ቤት የካውያ ተኳሾች ኃላፊ ያደረገኝ ዓመት፣ አሁን ያነሣዋል፣ አሁን ያነሣዋል ብዬ ጆሮዬን አቁሜ ስጠብቅ፣ «ባለቤቴም በተለመደው ሁኔታ ቀጥላለች» ብሎ አለፈኝ። እኔም ሞኟ አጨበጨብኩ።

ያለፈው ዓመት ግን ለሪፖርት አልመች ያለ ዓመት ነበር። መጀመሪያ ራሱ ሰብሳቢው ጡረታ ወጣ። የግድግዳ ሰዓት ሰጥተው፣ አቅፈው፣ ፎቶ ተነሥተው ሸኙት። በማግስቱ ጠዋት ሙሉ ልብሱን ለብሶ ሳሎን ቁጭ ብሎ አገኘሁት።

«የዛሬው ፕሮግራም ምንድን ነው?» አለኝ።

«ሽንኩርት መላጥ» አልኩት።

ቅር አለው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከቴሌቪዥኑ ጋር ይሰበሰባል፤ እሱ ይናገራል፣ ቴሌቪዥኑም ይናገራል፣ አይደማመጡም።

ታናሹ ልጃችን ደግሞ በዚያው ዓመት ሦስት ሥራ ቀየረ። ስልክ ጠጋኝ ሆነ፣ ቀጥሎ የጂም አሠልጣኝ ሆነ፣ አሁን የቤት ደላላ ነው። ለሰው ቤት እያገኘ እሱ ከእኛ ቤት አልወጣም። አባቱ ግን አላፈረበትም፤ «ሁለገብ ባለሙያ» ይለዋል። ወንድ ልጅ መቼም ምን ቢቀላውጥ ስም አይጠፋለትም።

ጉዱ የመጣው በትልቋ ነው። እሷን አባቷ ራሱ ሰው ለምኖ ነበር ሒሳብ ክፍል ያስገባት። ዓመታት ሠራች፤ ስትገባ እንደከፋት፣ ስትወጣ እንደከፋት። አንድ ቀን ምሳ ላይ ማንኪያዋን አስቀምጣ «አባዬ፣ ሥራዬን ለቅቄአለሁ። አውቶቡስ ድርጅት ቀጠሩኝ» አለች።

ሰብሳቢው ፊቱ በራ። «ጥሩ ድርጅት ነው። ቢሮሽ ስንተኛ ፎቅ ላይ ነው?»

«ቢሮ ሳይሆን ጎማ ነው ያለኝ። ሹፌር ሆኛለሁ።»

ለካ ከሥራ መልስ ደብቃን ስትማር ከርማ፣ የሕዝብ ማመላለሻ መንጃ ፈቃዷን አውጥታ ጨርሳለች! እኔ እልል ልል ከአፌ መልሼ ዋጥኩት፤ የባሌ ፊት አስፈራኝ። እሱም «ይሄ ጉዳይ በአጀንዳ አልተያዘም» አለና ተነሥቶ ሄደ።

ሥራ የጀመረች ቀን ሁለታችንን ለመነችን። «አንድ ዙር ብቻ፤ ቁጭ ብላችሁ እዩኝና ትወርዳላችሁ።» እኔ ሄድኩ። የደንብ ልብሷን እጅጌ በገዛ እጄ አሳጥሬላት ነበር። ከኋላዋ ተቀምጬ፣ ያንን ግዙፍ መሪ ይዛ አደባባዩን ስትዞረው ሳይ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። አንዲት ተሳፋሪ «ምነው እናቴ፣ አመመዎት?» ብትለኝ «ልጄ ናት! ልጄ ናት እኮ!» ብዬ ጮህኩባት። ሴትዮዋ ደንግጣ ቦታ ቀየረች።

አባቷ አልመጣም። «ስብሰባ አለብኝ» አለ። ጡረተኛው! ልጄ በየፌርማታው በሩን በከፈተች ቁጥር የሚገባውን ሰው ፊት ፊቱን ታያለች። እኔ እናቷ ነኝ፣ ማንን እንደምትፈልግ አላጣሁትም። ከዚያ አባት የፈለገችው ገንዘብ አይደለም፣ ምርቃት እንኳ አይደለም። አንድ ቀን አውቶቡሷ ላይ ወጥቶ እንደ አባት ቁጭ እንዲልላት ነበር፤ ይኸው ነው።

እሱ ግን ለጠየቀው ሁሉ «በትራንስፖርት ዘርፍ ተሰማርታለች» ይላል። የእሷ መስመር በደጃችን ስለሚያልፍ፣ እየዞረ እስከ ሌላ መስመር ፌርማታ በእግሩ ይኳትናል። በመጨረሻ ጉልበቱ አበጠ። እሰይ አልኩ በሆዴ።

ለጉልበቱ ሐኪም ቤት ልወስደው የወጣን ዕለት ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል። የመጣው አውቶቡስ ላይ በኋላ በር ተንጠላጠልን። ተቀምጠን ቀና ስንል የሹፌሯን ማጅራት አየሁ። እሱም አየ፤ ባርኔጣውን እስከ አፍንጫው ድረስ ደፋው። ይሄኔ ነው ድሮ ከሥሩ ይሠራ የነበረ ሰውዬ ከየት መጣ ሳይባል «አለቃ!» ብሎ የተጠመጠመበት። ድምፁ አውቶቡሱን ሞላው።

«ያቺ ጎበዝ ልጅዎ የት ደረሰች?»

ሰብሳቢው ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «ውጭ አገር ናት» አለ።

«እሰይ! ምን ትሠራለች?»

«ትልቅ ድርጅት ውስጥ ኃላፊ ናት።»

ከፊት ባለው መስታወት ውስጥ የልጄን ዓይኖች አየኋቸው። ሰምታለች። አልጮኸች፣ ፍሬን አልረገጠች፤ እንዲያውም ከወትሮው ቀስ ብላ ነዳች። ፌርማታችን ስንደርስ እሱ በኋላ በር ሹልክ አለ። እኔ በፊት በር ስወርድ «እማዬ፣ ደረጃው ያዳልጣል፣ ተጠንቀቂ» አለችኝ።  ብትሳደብ ይሻለኝ ነበር።

«ልጅህን በቁሟ አሰደድካት!» አልኩት ዝናቡ ውስጥ ቆሜ።

«የቤተሰቡን ገጽታ ለመጠበቅ ነው» አለኝ።

«ገጽታህ ይቃጠል!»

ዓመቱ አለቀና እንደ ልማዱ ሰበሰበን። ሲያደንቀን፣ ሲገመግመን ቆይቶ እሷ ላይ ደረሰ። «ትልቋ ልጃችን በትራንስፖርት ዘርፍ...» ሲል እጇን አወጣች።

«የሥርዓት ጥያቄ አለኝ።»

በዚያ ሳሎን ውስጥ የሥርዓት ጥያቄ ተነሥቶ አያውቅም። ሰብሳቢው ደስ ብሎት «ቀጥይ» አላት።

«ውጭ አገር ያለች ልጅ እዚህ ምን ትሠራለች? አውቶቡሶቹ የሚያድሩበት ግቢ አጠገብ ክፍል ተከራይቻለሁ። ዛሬ እወጣለሁ።»

 የባሌ እኅት ከልማድ የተነሣ አጨበጨበች። ልጄ ሻንጣዋን አዘጋጅታ ኖሯል፣ እየጎተተች ወጣች። ሰብሳቢው የግድግዳውን ሰዓት አየና «አጭር ዕረፍት እንውሰድ» አለ። እኔ ዕቃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ቤት አልሆን አለ። ሰብሳቢው ቴሌቪዥኑን መክፈት ተወ። ክፍሏ በር ላይ ቆሞ ቆሞ ይመለሳል፤ ምን ፈለግህ ስለው «ምንም» ይላል። አንድ ጠዋት ክራባቱን አስሮ «ነይ እንሂድ» አለኝ። በደጃችን ባለው ፌርማታ ቆምን። የእሷ አውቶቡስ መጣ። በፊት በር ገባ። እግዜር ይስጠው፣ ልብ ገዛ ስል፣ መተላለፊያው መሐል ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገላችሁ!

«የተከበራችሁ ተሳፋሪዎች! ይህች ሹፌር ልጄ ናት። ወደዚህ ሙያ እንድትገባ ገና ከጅምሩ ያበረታታኋት እኔ...»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ልጄ ቀጣዩ ፌርማታ ላይ አቆመች፤ በሩን ከፈተች።

«አባዬ፣ ውረድ።»

እኔን አየኝ። በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ። ወረደ። እሷ ግን በሩን አልዘጋችውም። አስፋልቱ ዳር ቆሞ የበሩን ብረት ይዞ ቀረ። ድምፁ ሲወጣ የእሱ አልመስል አለኝ።

«ዋሽቻለሁ» አለ። «አላበረታታሁሽም። አፈርኩብሽ። ያን ሁሉ መንገድ በእግሬ የዞርኩት መሪ ይዘሽ እንዳላይሽ ነው። ውጭ አገር ናት ያልኩትም እየሰማሽኝ እንደሆነ እያወቅኩ ነው።»

ከኋላ አንዱ «ኧረ ሥራ ረፈደብን!» ብሎ ጮኸ። ልጄ ባሳጠርኩላት እጅጌ ፊቷን ጠረገች።

«ግባ» አለችው፣ «ሰው አታስቆም።»

ገብቶ አጠገቤ ተቀመጠ። እስከ መጨረሻው ፌርማታ መሪውን ስታዞር ብቻ ያያታል። ሰዉ ወርዶ ሲያልቅ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ወደ መቀመጫዋ ጠጋ አለ።

«ቤት ትመለሻለሽ?»

«አልመለስም። እሑድ ግን እመጣለሁ» አለችው። «ምሳ ልበላ ነው የምመጣው እንጂ ልሰበሰብ አይደለም።»

«እሺ» አለ።