እሜቴ ቢበላሽስ

ባልደረቦቿ ያወጡላት ስም «እሜቴ ቢበላሽስ» ነው። መሐንዲስ ናት። ሰማዩ ወለል ብሎ ጠርቶ ሳለ እሷ ጃንጥላ ይዛ ትመጣለች፤ ያውም ሁለት፣ አንዱ ለረሳ ሰው። ሥራ ሊጀመር ሲል ሠራተኛውን ሁሉ ክብ አስቀምጣ፣ «ሥራው ተበላሽቷል እንበል። ምን አበላሸው?» ትላለች። ሁሉም በየተራው ካልመለሰ መፍቻ የሚያነሳ የለም።

«ኧረ እሜቴ፣ አያሟርቱብን!» ይላታል ኤሌክትሪሺያኑ። በሥራው የሚያህለው የለም፤ ክፉ ነገር ቀድሞ ሲጠራ ግን አይወድም።

የሆስፒታሉ አሮጌ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ በአዲስ ሊቀየር ነበር። እስኪያልቅ ድረስ ሕሙማኑ በጄኔሬተር ይቆያሉ። «ጄኔሬተሩ ቢቆምስ?» አለች፤ ሌላ መጥቶ ከጎኑ እንዲቆም ተስማሙ። «መብራቱን ወደ ሁለተኛው የሚያዞረው ሰው ባይችልስ?» ስትል ግን የኤሌክትሪሺያኑ ደም ፈላ። የሚያዞረው እሱ ነዋ!

«እኔን ነው የሚጠረጥሩት?»

«አንተንም ጭምር» አለችና ወፍራሙ የሚሉትን ባልደረባውን አብሮት እንዲለማመድ አደረገች። ልምምዱ እስኪያልቅ አኩርፎ ከረመ።

በሥራው ዋዜማ ሚስቱ ያለጊዜዋ ወለደች። ልጅቷ፣ መዳፍ የማትሞላ ነፍስ፣ እዚያው ሆስፒታል ፎቁ ላይ በመተንፈሻ ማሽን ተኛች። ማከፋፈያው ደግሞ መጋል ጀምሯልና ሥራው አይዘገይም።

«ዛሬ ባትገባስ?» አለችው መሐንዲሷ ጠዋት።

«የልጄን ትንፋሽ ለማን ልተወው?»

አልተከራከረችውም። ወፍራሙን ብቻ ከጀርባው አቆመችው።

ረፋዱ ላይ ጄኔሬተሩ ሳል ሳል አለና ጸጥ አለ። የማሽኖቹ ባትሪ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው የሚይዘው። ሁለተኛው ጄኔሬተር ወዲያው ተነሣ፤ የቀረው ማዞሪያውን ወደ እሱ ማዞር ነው። ኤሌክትሪሺያኑ ማዞሪያውን ጨበጠ፤ እጁ ግን አልታዘዝም አለው። ልጁ ፊቱ ላይ ድቅን አለችበት። ዓይኑን ጨፍኖ የሚሠራው ሥራ፣ ወደ ግራ ይሁን ወደ ቀኝ ጠፋው እኮ!

«ተካው» አለች መሐንዲሷ፣ ድምጿን እንኳ ከፍ ሳታደርግ።

ወፍራሙ ገፋ አድርጎት ገባና አዞረው። አምፖሎቹ ቦግ አሉ። የጮኸም የተሯሯጠም የለም።

ኤሌክትሪሺያኑ ግድግዳውን ተደግፎ ቀረ። ወይ ጉድ! እሱ ራሱ የማያውቀውን ድካሙን ይቺ ሴት አስቀድማ አስባለት ኖሯል። «እጄ እንደሚከዳኝ በምን አወቁ?» አላት።

«ምን አውቄ! የማንኛችን እጅ እንደሚከዳ አላውቅም» አለችና ወደ ኋላዋ ጠቆመችው። የሆስፒታሉ የጥገና ኃላፊ ከጠዋት ጀምሮ ተጠግቷት ቆሟል፤ እሷ ብትደነግጥ ሥራውን የሚመራው እሱ ነበር። ለካ ለራሷም ሰው አቁማለች! ኤሌክትሪሺያኑ እንዲህ ያለ ሰው አይቶ አያውቅም።

ከዚያ ደረጃውን እየዘለለ ወጣ። ሚስቱ በመስኮቱ ብርሃን ልጇ አጠገብ ተቀምጣለች። የልጅቷ ደረት ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይላል።

«ምነው መጣህ?» አለችው ሚስቱ። «እስካሁን አልጀመራችሁም እንዴ?»

«ጀምረናል» አለና ያን የከዳውን እጁን ከኋላው ደበቀ።