የጉጉቷ ዛፍ

ኤይኪቺ ወሬውን የሰማው ደጁ ላይ የተቆለለውን በረዶ በአካፋ ሲጠርግ ነው።

«ጋሼ፣ ሰምተዋል?» አለው ጎረቤቱ ሞሪያ። «ሰኞ ጫካው ውስጥ ያሉትን የተቦረቦሩ ዛፎች ሊቆርጡ ነው። መንገደኛ ላይ እንዳይወድቁ ብለው።»

ባለፈው መኸር የሞተችው ሚስቱ ቶሚኤ በየዓመቱ በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ከእነዚህ ዛፎች በአንዱ የምትፈለፍል ጉጉት ለማየት ትሄድ ነበር። የሳፖሮ ከተማ ወፍ ወዳጆች የጉጉት ጎጆ ያለበትን ለማንም አይናገሩም፤ ሰው ካሜራ ይዞ ከጎረፈ ወፏ ጫጩቶቿን ጥላ ትሄዳለች። ቶሚኤ ለባሏም አልነገረችውም።

«አንተማ ምላስህ አያርፍም» ትለው ነበር እየሳቀች። «ዛሬ ብነግርህ ነገ ፀጉር ቤቱ በሙሉ ያውቀዋል።»

በማግስቱ ኤይኪቺ ጫካ ሄዶ የሚቆረጡትን ዛፎች በቀለም ምልክት የሚያደርገውን የቆራጮች አለቃ አገኘው።

«አንዷን ተዉልኝ፤ ጉጉት አለባት።»

«የትኛዋን፣ አባባ? ሁሉንም መተው አልችልም። ያሳዩኝና እተዋታለሁ።»

ኤይኪቺ ከዛፍ ዛፍ እያንጋጠጠ ዞረ። ጉጉቷ ቀን ቀን ከጎጆዋ ብቅ አትልም፤ ጉድጓዶቹ ሁሉ ከታች ሲታዩ ጨለማ ናቸው።

ነገ ሰኞ ነው። ዛፏን ገና አላሳየውም።