የሚስተር ሾዉንሚ ጥያቄ

ባለፈው ሳምንት የደም ግፊት መድኃኒቴን ልወስድ ስካይዌይ ሰፈር ወዳለው ፋርማሲ ሄድኩ። መስኮቱ ጋ የቆመችው ወጣት ደረቷ ላይ የለጠፈችው ስም ዓይኔን ያዘው፤ ሾዉንሚ ይላል። ወረፋ እንደያዝኩ ሐሳቤ ሠላሳ ዓመት ወደ ኋላ ሄደ።

ያኔ ኦበርን ከተማ አንድ መጋዘን ውስጥ ካርቶን አሽግ ነበር። ሚስተር ሾዉንሚ የሚባሉ ናይጄሪያዊ የሥራ ባልደረባዬ በመኪናቸው ያመላልሱኛል። በብርዱ ወራት ዝናቡ አያባራም። መኪናቸው ለምሳ በቋጠሩት ቀይ ሩዝ ሽታ ይሞላል፤ እኔም ሲያካፍሉኝ እምቢ ብዬ አላውቅም።

የስደት አገሬን የዜግነት ቅጽ የምሞላበት ጊዜ ነበር። ስሜ አድባሩ ነው። ሦስት ልጅ ቀብሮ ተስፋ የቆረጠው አባቴ የሰፈሩ አድባር ከሆነው ዋርካ ሥር ተስሎ አገኘኝ። እኔ ግን ጌታን ከተቀበልኩ ገና ዓመቴ ነው፤ እሳት ነኝ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ቢባልም፣ የእኔን ሌላ አካል እንዳወጣው አምኛለሁ። ቅጹ ላይ ስም መለወጥ ይቻላል ሲሉኝ በረከት ብዬ ጻፍኩ።

ይባስ ብዬ ሽማግሌውን ልመክር ተነሣሁ። አንድ ጠዋት መንገድ ላይ የስማቸውን ትርጉም ጠየቅኋቸው።

“በዮሩባ ኦሾ ጠንቋይ ነው። ሾዉንሚ ደግሞ ጠንቋይነት ይማርከኛል እንደማለት” አሉ። “አያቶቼ ዕውቀቱ ነበራቸው ይባላል። እኔ የማውቀው ዕቃ ማንሻውን ፎርክሊፍት መንዳት ብቻ ነው።”

“ታዲያ ክርስቲያን ሆነው እንዴት ይጠሩበታል? ይለውጡት እንጂ፤ እኔም የእኔን እየለወጥኩ ነው።”

አልተቆጡም። ወንድሞቻቸው ሳይቀሩ “ሾ” የምትለውን አውጥተው በአምላክ ስም እንደተኩ ነገሩኝ። ከዚያ በተራቸው ጠየቁኝ።

“ያንተን ስም ማን አወጣልህ?”

“አባቴ።”

“አለ?”

“የለም፣ ሞቷል።”

“ታዲያ ማንን አስፈቅደህ ነው?”

ቅጹ ገና ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ በረከትን መሰረዝ እችል ነበር። እልህ ያዘኝና በማግስቱ ላክሁት።

ልጆቼ ዛሬ በአባት ስም በረከት እየተባሉ ይጠራሉ። ጥሩ ስም ነው። በእምነቴም አልተጸጸትኩም። አባቴ ግን ለምኖ ላገኘው ልጅ የሰጠውን ስም ሳላማክረው ጣልኩበት፤ ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ተራዬ ደረሰ። የሚስተር ሾዉንሚ ምን እንደሆነች ጠየቅኋት።

“አያቴ ናቸው” አለች ፈገግ ብላ። “የእርስዎስ ስም?”

“አድባሩ” አልኳት፣ ሳላስበው።

ኮምፒውተሩን ነካ ነካ አደረገችና ቀና አለች።

“ይቅርታ አባባ፣ በዚህ ስም የሚጠራ ሰው የለንም።”