መጋዝ የያዘ ሰው ሰላም አይባልም

ባለቤቴን ቀድሞ ሰላም ያለ ሰው በከተማችን በዘመሮ አልነበረም። አናጢ ነው። የሚሠራበት ዳስ ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር ስለሆነ፣ በገበያ ቀን የሚያልፈው ሰው ሁሉ የእሱ እንግዳ ነው። መዶሻውን ያስቀምጣል፣ ቆቡን ያወልቃል፣ ጎንበስ ይላል። “እንደምን ዋሉ? ቤተሰቡ ደህና? ገብሱ እንዴት ይዟል? በጎቹስ?” የመንዝ ሰላምታ ደግሞ ቶሎ አያልቅም፤ የበጎቹ ደህንነት ከተረጋገጠ በኋላ ወደ ግልገሎቹ ይወረዳል። እኔ በተፈጥሮዬ ችኩል ነኝ። ምሳው እየቀዘቀዘ እሱ የሰው ግልገል ጤና ሲጠይቅ እየሰማሁ ስንት ጊዜ ከንፈሬን እንደነከስኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ከተማችን መብራት ከገባላት ብዙም ሳይቆይ አዲስ አበባ ሄዶ የኤሌክትሪክ መጋዝ ይዞ መጣ። በእጅ የሚያዝ፣ ክብ ምላጭ ያለው፣ ጥርሱ ዙሪያውን የሆነ ነገር ነው። እኛ ማሽኑ ነው የምንለው። መጀመሪያ ያስነሳው ዕለት የጎረቤት ዶሮዎች አጥር ዘለሉ። ከልጅነቱ ጀምሮ ትከሻው እስኪዝል ሲገዘግዘው የኖረውን ጣውላ ማሽኑ አንዴ ጮኾ ለሁለት ከፈለለት። ባለቤቴ እንደ ልጅ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ እጁን ነበር የማየው።

እውነቱን ልናገር፣ እሱን ሳገባ መጀመሪያ የወደድኩት እጁን ነው። ረጃጅም ጣቶች ናቸው፤ እንጨት ሲዳስሱ የታመመ ሕፃን የሚዳስሱ ይመስላሉ። ያ ማሽን እነዚያን ጣቶች ለመውሰድ አንድ ጥቅሻ እንኳ እንደማይፈጅበት በመጀመሪያው ቀን ገባኝ፤ ከዚያ ወዲያ ማሽኑ በጮኸ ቁጥር ብቅ ብዬ ጣቶቹን እቆጥራለሁ።

ከማሽኑ ጋር ሥዕል ያለበት መመሪያ ነበር። ጽሑፉ ምን ቋንቋ እንደሆነ እግዜር ይወቀው፤ ሥዕሉ ግን ይነበባል። አንድ ሰውዬ መነጽር አድርጎ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ማሽኑን በሁለት እጁ ጥርቅም አድርጎ ይዟል። ጎኑ ደግሞ የተንዘላዘለ ልብስ የለበሰ ሌላ ሰውዬ አለ፤ እሱ ላይ ቀይ መስቀለኛ ተሠርቶበታል። መመሪያውን ይዤ ፊቱ ቆምኩ።

“ጋቢህን አውልቅ።”

“በዚህ ብርድ?”

“ሥዕሉ ላይ ያለው ሰውዬ ጋቢ አለው?”

“ሥዕሉ ላይ ያለው ሰውዬ መንዝ መጥቶ ያውቃል?”

በዚህ መልስ ረታኝ። ጋቢው ትከሻው ላይ ቀረ። ይባስ ብሎ የምላጩን የታችኛውን ክዳን፣ ምላጩ ከእንጨቱ ሲወጣ በራሱ ተመልሶ ጥርሱን የሚሸፍነውን፣ “መስመሩን ይጋርድብኛል” ብሎ በሲባጎ ወደ ላይ አስሮት ተገኘ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ አናጢንም ይጨምሩበት።

አንድ የገበያ ቀን ወፍራም የባሕር ዛፍ ጣውላ እየቆረጠ ሳለ፣ በአጥቢያችን የተከበሩ አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ይዘው ብቅ አሉና “እንደምን ዋልክ ልጄ!” አሉት። ባለቤቴ ማሽኑን አላጠፋም። አንድ እጁን ለቆ ወደ ቆቡ ሰደደና፣ በሌላው እጁ ማሽኑን እንደያዘ ጎንበስ አለ። ምላጩ ሲያዘነብል እንጨቱ ነከሰው፤ ማሽኑ ወደ ኋላ ዘለለ። ክዳኑ ታስሯልና የሚሸፍነው የለም። የጋቢውን ጫፍ ጎርሶ፣ ጠቅልሎ፣ ጠቅልሎ፣ ጭኑ አጠገብ ሲደርስ አቃስቶ ቆመ።

እኔ ጮኽኩ። ባለቤቴ ከማሽኑ ጋር በጋቢ ታስሮ፣ ፊቱ አመድ መስሎ፣ “እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ እንደምን ዋሉ?” አለ። ሽማግሌውም “ይመስገን፤ ጋቢህን ግን ምን አገኘው?” ብለው ስለ ገብሱ መጠየቃቸውን ቀጠሉ።

ያን ዕለት ንግሥናዬን አወጅኩ። ሲባጎውን በጥሼ ጣልኩት። ከጋቢው የተረፈውን ሣጥን ውስጥ ቆልፌ ጠባብ ሹራብ አለበስኩት፤ ጫፉንም እንደ ተማሪ ልጅ ሱሪው ውስጥ ከተትኩለት። ሰላምታው ላይ ስደርስ ግን መመሪያውን ብገለብጥ፣ ብዘቀዝቅ፣ ስለ ሰላምታ የሚናገር ሥዕል የለም። ያ የሥዕሉ ሰውዬ በደጁ ማንም የማያልፍ፣ ጎረቤት የሌለው ምስኪን ነው። ሕጉን ራሴ አወጣሁት፤ ማሽኑ እየጮኸ ማንም ቢመጣ ቀና አትልም። ምላጩ እስኪቆም፣ ስፒናው እስኪነቀል ሰላምታ የለም።

“ሰላምታ የእግዚአብሔር ነው፤ እንዴት እነፍጋለሁ?” አለኝ፤ የምሩን ነው።

“እጅህም የእግዚአብሔር ነው” አልኩት።

ከተማው ወሬውን ለመቀበል አልዘገየም። “መብራት ሲገባ ትዕቢትም አብሮ ገባ” አሉ። “ሚስቱ ሸበበችው” ያሉም ነበሩ፤ ይሄኛው እንኳ እውነት ነው። ስለዚህ እንዝርቴን ይዤ ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩና ሰላምታውን በውክልና መቀበል ጀመርኩ። “እሱ ማሽን ላይ ነው፤ ለእኔ ይንገሩኝ።” በጠላሁት ነገር ተቀጣሁ። የማን በግ መንታ እንደወለደች፣ የማንን ገብስ ውርጭ እንደመታው ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ጠፋ። ቀስ በቀስ ግን ሰዉም ለመደ። ማሽኑ ሲጮህ ቆባቸውን እንዳወለቁ ደጃፉ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ፤ ሕጉን የማያውቅ የገጠር ሰው ሰላም ሊል ሲሞክር “ዝም በል፣ ማሽን ይዟል!” ብለው ይቆጡልኛል።

ሕጉ እኔን ራሴን የያዘኝ እናቴ የመጣች ዕለት ነው። እናቴ ያለችው መርሐቤቴ፣ ዓለም ከተማ ነው። ከሠርጌ ወዲህ ቤቴን አላየችውም ነበር። እኛ ዘንድ አማት ስትመጣ አማች የያዘውን ጥሎ ይነሳል፤ መንገድ ድረስ ሮጦ ጉልበት ይስማል። ያላደረገ እንደሆነ ነገሩ በሽማግሌም አይበርድ።

እኔ ወፍጮ ቤት ሄጃለሁ፤ ደጃፉ ላይ ተወካይ የለም። ዱቄቴን አዝዬ ስመለስ ከሩቅ የማሽኑን ጩኸት ሰማሁ፤ ቀረብ ስል እናቴን አየኋት። አቧራ ለብሳ፣ ጥቅሏን እንደያዘች ደጃፉ ላይ ቆማለች። “ቤቶች!” ብላለች፣ ደግማለች። የሰፈሩ ሰው ከየደጁ ወጥቶ ያያል፤ ይህን ጊዜ “ማሽን ይዟል” የሚል አንድም ሰው አልተገኘ።

ባለቤቴ አቀርቅሯል። ድምፅዋን አውቆታል፤ ላቡ በጆሮው ሥር ይወርዳል። ምላጩ የጣውላው እኩሌታ ላይ ነው፣ ግራ እጁ ከጥርሱ ብዙም አይርቅም። ልጮህ አፌን ከፈትኩ። ምን ብዬ? ስሙን ብጠራው ቀና ይላል። ለምጄው የማላውቀው ዝምታ ያን ቀን ግድ ሆነብኝ፤ አፌን በነጠላዬ ይዤ፣ እናቴ ስትዋረድ ቆሜ አየሁ። እሷም አየችኝ። ቀስ ብላ ጀርባዋን ሰጠችንና “መኪናው መቼ ነው የሚመለሰው?” ብላ ጎረቤቴን ጠየቀች።

ጣውላው ወደቀ። ባለቤቴ ጣቱን ከማስነሻው አነሳ። ምላጩ እየዞረ፣ እየዞረ፣ እየዘገየ ሄደ፤ እሱም አየው እንጂ አልተንቀሳቀሰም። ቆመ። ስፒናውን ነቀለ። ከዚያ እንደ እብድ ሮጦ መንገዱ ላይ ተደፍቶ ጉልበቷን ያዘ። “ይማሩኝ እማማ፤ ጥርስ ያለው ነገር ይዤ ነው።”

እናቴ ተነሥ አላለችውም። እኔም ደርሼ፣ ሁሉም ነገር የእኔ ጥፋት መሆኑን፣ የጋቢውን ነገር፣ የሕጉን ነገር በአንድ ትንፋሽ አወረድኩት። እናቴም ጎንበስ ብላ ግራ እጁን አንሥታ ጣቶቹን ዘርግታ አየቻቸው።

“አባትሽ ጣቶቹን የት እንዳጣ ታውቂያለሽ?” አለችኝ።

አባቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ በግራ እጁ ሁለት ጣት አልነበሩትም። ጦር ሜዳ ነው ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው፤ ሰፈር ውስጥም በዚያ ስንኮራ ኖረናል።

“ምን ጦር ሜዳ!” አለች እናቴ። “አባትሽ እንጨት ሲፈልጥ የኔ አባት ከበር ድምፅ አሰሙ። መጥረቢያው እየወረደ እሱ ሊነሳላቸው ቀና አለ። አባቴ ደሙን ሲያዩ ሰላምታውን እንኳ ሳይቀበሉ በጓሮ ሸሹ።”

እናቴ የባለቤቴን እጅ ጉንጯ ላይ አስደግፋ አለቀሰች፤ “ያኔ እሱንም ቀና አትበል የሚለው ሰው ቢኖር ኖሮ” አለች። ከዚያም እጁን ሳትለቅ አነሣችውና ይዛው ወደ ቤት ገባች።