ሁሉም ሳይመታ አያልቅም

ባለቤቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ሐርጌሳ፣ ኮድቡር ሰፈር ውስጥ በአንድ ትንሽ ትምህርት ቤት ሙዚቃ ያስተምር ነበር። እኔ እዚያው ሒሳብ አስተምራለሁ። ከተማዋ ገና ከጦርነቱ ፍርስራሽ እየተነሳች ስለነበር ከክፍሉ ጣሪያ ግማሹ አዲስ ቆርቆሮ፣ ግማሹ ሸራ ነው። የሙዚቃ መሣሪያ የሚባል ነገር የለንም። ልጆቹ ከዋሄን ገበያ ባዶ የወተት ጣሳና ጀሪካን ለቅመው አመጡ፤ የምንጫወተው በዚያ ነበር።

እኔና እሱ የምንጨቃጨቀው በአንድ ነገር ነው። እኔ፣ መምህር ይምራ፣ ተማሪ ይከተል እላለሁ። እሱ ግን፣ «አብሮ መጫወት አብሮ መወሰን ነው። መቼ እንደሚጀመርም እንደሚያልቅም እነሱ ይወስኑ» ይላል።

«ቤት ውስጥ ሻይ መቼ እንደሚፈላ ግን የምትወስነው አንተ ነህ» ስለው ይስቃል።

ልጆቹ ተሰብስበው ሕግ አወጡ፦ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ በየተራው ሳይመታ ጨዋታው አያልቅም። የሚያልቀው መሪዋ እጇን ስታወርድ ነው። መሪ ያደረጓት ደግሞ የፊት ጥርሶቿ የወለቁ አንዲት ትንሽ ልጅ ነበረች።

ድሬዳዋ ያደገው ዳይሬክተራችን ጣሳ አይወድም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሊገመግም መጣና ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«የአስር ሶላት አዛን እስኪሰማ ይህ ጫጫታ ካልቆመ፣ ከነገ ጀምሮ የሙዚቃ ክፍለ ጊዜ የለም» አለ።

ባለቤቴ ከዚያ ሌላ የሚያስተምረው ነገር አልነበረውም።

ጀመሩ። ጥሩ ነበር፤ ጆሮ ለሌለው ሰው ማለቴ ነው። ሁሉም በየተራው መታ። የልጅቷ እጅ ግን እንደተሰቀለ ቀረ። እኔ ደጃፉ ላይ ቆሜ «አስቁማቸው እንጂ!» እያልኩ ባለቤቴን በዓይኔ እለምነዋለሁ። እሱ የቀረው ራሱ መስሎት ጣሳ አነሳና መታ። ከምቱ ወጣ። ልጆቹ በሳቅ ሞቱ። የልጅቷ እጅ አሁንም አልወረደም።

«አንቺ፣ ማን ቀረ?» አላት ባለቤቴ።

በአገጯ ወደ ዳይሬክተሩ አመለከተች። «እርሳቸው።»

«እኔ ገምጋሚ ነኝ!»

«ክፍሉ ውስጥ ነዎት» አለችው።

ከመስጊዱ ድምፅ ማጉያ «ኡፍ፣ ኡፍ» የሚል ትንፋሽ ተሰማ፤ ሙአዚኑ ለአዛን ማይክራፎኑን እየሞከረ ነው። ዳይሬክተሩ መስኮቱን አየ፣ ልጅቷን አየ፣ እስክሪብቶውን አወጣና ጀሪካኑን መታ። አንዴ። ሁለቴ። በሦስተኛው እግሩም ተከተለ። በአምስተኛው ዓይኑን ጨፈነ።

«ይበቃል፣ ተራዎ አለቀ» ብላው እጇን አወረደች። ጸጥታው ላይ አዛኑ ገባ።

ዳይሬክተሩ ኮቱን አስተካክሎ ተነሳ። «ክፍለ ጊዜው ይቀጥላል። ያ ጀሪካን ግን ድምፁ ሻካራ ነው፤ ቀይሩልኝ።»

ወደ ቤት ስንሄድ ባለቤቴ፣ «አንቺ አልመታሽም» አለኝ።

«ደጃፍ ላይ ነበርኩ፤ አልቆጠርም።»

«ደጃፍም ክፍል ነው። እንግዲያው አላለቀም ማለት ነው።»

ከዚያ በኋላ ለዓመታት፣ ሻይ በቀዳሁ ቁጥር ያን ቀን የመታትን ጣሳ አፍንጫዬ ሥር እያመጣ፣ «ተራሽ ነው» ይለኝ ነበር። ጣሳዋ አሁን መስኮቱ ላይ ተቀምጣለች። አንዳንዴ ጣቴን አነሳና እተወዋለሁ። እኔ ከመታሁ ያልቃላ።